ልጅ ይዞ የሚሰደድ ሰው ከቤት ኪራይ በፊት ምን ይጠይቅ?

 

እንደሚታወቀው የስደት ወሬ በከተማችን ከመስጊድ በር እስከ ሻይ ቤት ድረስ የሰው ሁሉ አፍ ማሟሻ ከሆነ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዲቪ ዕጣ፣ ከዚያም በቤተሰብ ጥሪና በስደተኝነት በርካታ ሙስሊም ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ሌሎች ደግሞ በሥራ ምክንያት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ አውሮፓ ሄደዋል። የጋዜጣ ሰው በመሆኔ ቅጽ እንዳነብላቸው፣ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው የሚመጡ ወገኖች አይጠፉም። ጥያቄዎቻቸው ተመሳሳይ ናቸው። ትኬቱ ስንት ነው? ሥራ በቶሎ የሚገኘው በየትኛው ግዛት ነው? ቤት ኪራይ የሚረክሰው የት ነው? ሻንጣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል? እያሉ ይጠይቃሉ።

እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ልጆቹ የት እንደሚማሩ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ከሚያርፉበት ቤት እስከ መስጊድ ያለውን ርቀት የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለዚህም ነው ዛሬ በዚህ ገጽ በጉዳዩ ላይ ከውድ አንባቢያን ጋር መነጋገር የወደድኩት።

የኢብራሂም (ዐ.ሰ) ቅደም ተከተል

ቤተሰቡን ባዕድ አገር ላይ ስላሰፈረ አባት ቁርኣን የነገረን ታሪክ አለ። ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ሐጀርንና ሕፃኑን ኢስማዒልን አዝመራ በሌለበት ሸለቆ፣ በተከበረው ቤት አጠገብ ካኖሯቸው በኋላ እጃቸውን ወደ ጌታቸው ዘረጉ። ምዕራፍ ኢብራሂም ውስጥ የሰፈረውን ይህን ዱዓ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ያልነው ስንቶቻችን ነን?

በመጀመሪያ ያነሱት ሰላትን ነው። ልጆቻቸውን እዚያ ያኖሩት ሰላትን እንዲሰግዱ መሆኑን ለጌታቸው ተናገሩ። በሁለተኛ ደረጃ የጠየቁት ሰው ነው፤ ወደ ቤተሰባቸው የሚያዘነብሉ ልቦች እንዲኖሩ ለመኑ። ሲሳይንና ፍሬን የጠየቁት በሦስተኛ ደረጃ ነው። ሰላት፣ ሰው፣ እንጀራ። እንጀራ አልተረሳም፤ አባት ነውና የልጆቹ ረሃብ ያሳስበዋል። ነገር ግን አልቀደመም።

እኛስ? እኛ ስንሰደድ ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩን ገልብጠን እንይዘዋለን። እንጀራ አንደኛ፣ ሰው ሁለተኛ፣ ሰላት «ከተረጋጋን በኋላ» ይሆናል። መረጋጋቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ አንዳንዴም አምስት። በስድስት ዓመቱ የሄደው ልጅ ግን እስክንረጋጋ አይጠብቀንም። በአምስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ ሌላ ጓደኛ አለው፣ የሚያፍርበትንና የሚኮራበትን ነገር ከሌላ ሰው ተምሯል። ማንኛውም ሕፃን በንጹሕ ተፈጥሮ እንደሚወለድና መንገዱን የሚያስቀይሩት ወላጆቹ እንደሆኑ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ ወላጅ መንገድ የሚያስቀይረው በምላሱ ብቻ ነውን? ልጁን በሚያሰፍርበት ሠፈርም ጭምር አይደለምን?

ቤት የተከራየ ትምህርት ቤት ተከራየ

እዚህ አገራችን ውስጥ አንድ አባት ልጁን ከሠፈሩ ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ይችላል፤ አቅሙ ከፈቀደ ሰርቪስ ይከፍልና ነገሩ ያልቃል። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሠራሩ የተለየ ነው። ትምህርቱ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ያለ ክፍያ ነው። ልጁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ ግን በአብዛኛው የሚወስነው የመኖሪያ አድራሻው ነው። ለምዝገባ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ፣ የልጁ የዕድሜ ማስረጃና የክትባት ካርድ ይጠየቃል። በመሆኑም አባት የአንድ ዓመት የኪራይ ውል ሲፈርም አራት ግድግዳ ብቻ የተከራየ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። የልጁን አስተማሪ፣ የልጁን ጓደኞችና ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያልፍበትን መንገድ አብሮ ፈርሟል።

ሌላም ነገር አለ። የትምህርት ቤቶች በጀት ከፊሉ የሚመጣው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የተመሰገነበት ሠፈር ኪራዩም ውድ ይሆናል። ኪራዩ የረከሰበት ሠፈር ለምን እንደረከሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሠፈር የሚረክሰው ከመሀል ከተማ ስለሚርቅ ብቻ ነው። ሌላው ግን ልጅ ከጨለመ በኋላ ደጅ ሊወጣበት የማይችል ስለሆነ ነው። ሁለቱ በኪራይ ማስታወቂያ ላይ አንድ ይመስላሉ።

መረጃ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በ2015 በወጣው የአገሪቱ የትምህርት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ግዛት ስለ ትምህርት ቤቶቹ በየዓመቱ የውጤት መግለጫ ማውጣት አለበት። መግለጫውን ሲያዩ አጠቃላይ ውጤቱን ብቻ ተመልክቶ መመለስ አይበቃም። ለእንደኛ ላለ መጤ ቤተሰብ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ምን ያህል እየተሻሻሉ እንደሆነ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው ከትምህርት ገበታ አዘውትረው የሚቀሩ ተማሪዎች ብዛት ነው። ልጆች በብዛት የሚቀሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ አዲስ የገባ ልጅ ማንን አይቶ ይማራል?

ሕጉ የሰጠንን መብትም እንወቅ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ይኖሩ የነበሩ ቻይናውያን ተማሪዎችን ጉዳይ ተመልክቶ ቋንቋውን የማያውቅን ልጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ዝም ማለት ማስተማር እንዳልሆነ ወስኗል። በ1982 ደግሞ ልጆች በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከሉ እንደማይገባ ፈርዷል። ይህን የማያውቅ አባት እንደ ለማኝ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። የሚያውቅ ግን በትሕትና ይጠይቃል፤ ይሰጠዋልም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ከትምህርት ቤት ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ይለምዳሉ። በዚህ የተነሳ ብዙ ወላጆች ሐኪም ቤት፣ ባንክ ቤትና ትምህርት ቤት ሲሄዱ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ይይዛሉ። ነገሩ በመጀመሪያ ያስደስታል፤ «ልጄ አፉን ፈታ» ያሰኛል። ሲውል ሲያድር ግን የቤቱ ሥልጣን ቦታውን ይቀይራል። የዓለሙ ቁልፍ ልጁ እጅ ውስጥ ይገባል፤ አባት ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይሆናል። አስተማሪዋ የልጁን ጥፋት ለአባት ስትነግር የሚተረጉመው ያው ጥፋተኛው ልጅ ከሆነ፣ አባት የሚሰማው ነገር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር ይወጣል። በዋሽንግተን ዲሲም በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አገልግሎት ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ቦታ መምረጥ ለወላጅ ክብርም ለልጅ ተርቢያም ይበጃል። ከዚያ ቀጥሎ ወላጅ ራሱ ማታ ማታ ቋንቋ መማር አለበት። ዕውቀትን መፈለግ ግዴታ ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች በአርባ ዓመታችን ተማሪ መሆን ሊያሳፍረን አይገባም።

መስጊዱ ስንት ደቂቃ ይርቃል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መስጊድ በአሜሪካ የለም የሚል ሰው ካለ የድሮ ወሬ ይዞ ነው። በቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች የሚገኘው ዳር አል-ሒጅራ መስጊድ ሕንፃው ከ1991 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ የስሙ ትርጉምም «የስደት ቤት» ማለት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ያቋቋሙት ማዕከል «ፈርስት ሒጅራ» ይባላል፤ የሶሐባዎችን ወደ አገራችን መሰደድ ለማስታወስ የተሰጠ ስም ነው። ሶማሌዎችና ኦሮሞዎች በብዛት በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ የከተማው ምክር ቤት በ2023 የአምስቱም ወቅት አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቅዷል። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2015 ጀምሮ በሁለቱ ዒዶች ይዘጋሉ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ መስጊድ መኖሩ ሳይሆን ርቀቱ ነው። በመኪና አርባ ደቂቃ የሚርቅ መስጊድ የዒድ መስጊድ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚርቅ የጁሙዓና የቅዳሜ መድረሳ መስጊድ ነው። በእግር የሚደረስበት ግን የልጅ መስጊድ ነው፤ ልጁ ያለ አባቱም ይሄድበታል። አባት በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ታክሲ ነጂ ወይም ጥበቃ ሲሆን፣ እናትም በሆስፒታል ተረኛ ስትሆን፣ ልጁን ማን ይወስደዋል? ስለዚህ በወር ሁለት መቶ ዶላር ለመቆጠብ ከመስጊድ የሚያርቀንን ቤት ስንመርጥ፣ ያቆጠብነውን ከምን ላይ እንደቀነስን እናስላ።

የሰላት ጊዜም ይታሰብበት። በዋሽንግተን አካባቢ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዙህርና አንዳንዴም ዐስር በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። የአገሪቱ ሕግ ትምህርት ቤቱ ራሱ ጸሎት እንዳያዝ ይከለክላል እንጂ ተማሪው በዕረፍት ሰዓቱ በግሉ እንዳይሰግድ አይከለክልም። በ1984 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሌሎች ክበባት በሚፈቀዱበት ትምህርት ቤት የሃይማኖት ክበብም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ቤት ከመከራየታችን በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ብለን «ሙስሊም ተማሪዎች አሉ? የት ይሰግዳሉ? ሒጃብ የለበሰች ልጅ አለች? የአሳማ ሥጋ የማይበላ ልጅ በምሳ ሰዓት ምን ያገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ርእሰ መምህሩ ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ የሚያሳየው ነገር ከድረ ገጹ የበለጠ ይናገራል።

ጎረቤት ማን ነው?

«ከቤት በፊት ጎረቤት» የሚል የቆየ የዐረቦች አባባል አለ። አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ሙስሊም ብቻ ያለበት ሠፈር እንፈልግ» ይላሉ። እኔ ነገሩን እንዲህ አላየውም። በወገን መካከል መኖር ትልቅ ፀጋ ነው፤ ልጅ የሚታዘባት አክስት፣ የሚቆጣው አጎት ያገኛል። ነገር ግን የወገን ሠፈር በራሱ ክትባት አይደለም። ሙስሊም ስም ያላቸው ልጆችም ሱስ ያስጀምራሉ። ሐሜቱም ሆነ የዘር ሽኩቻው ከአገር ቤት አብሮ በሻንጣ ይገባል።

በሌላ በኩል ሙስሊም ያልሆነ ደግ ጎረቤት የልጅ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ አይሁዳዊው ጎረቤታቸው ድርሻው ደርሶት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ልጃችን በዒድ ቀን ሳህን ተሸክሞ የጎረቤትን በር ሲያንኳኳ ዲኑን የሚያስተዋውቅ ሰው ይሆናል፤ ተደብቆ የሚኖር ሰው አይሆንም።

ከጎረቤት ጋር መቆም ምን እንደሚያስገኝ በቅርቡ ታይቷል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፆታንና ጋብቻን ከሃይማኖታቸው አስተምህሮ ውጭ የሚያቀርቡ መጻሕፍት ለትንንሽ ልጆች መነበብ ሲጀምሩ፣ በ2023 ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍለ ጊዜው እንዳያስወጡ ተከለከሉ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ወላጆች አብረው ክስ መሠረቱ፤ ሰልፍ ከወጡትም መካከል ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 በስድስት ለሦስት ድምፅ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ወላጆች አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ ወሰነ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ወላጅ የልጁን የትምህርት መጽሐፍ ገልጦ ካላየ መብቱን ሊጠይቅበት አይችልም። ዝም ብሎ የሚሠራ፣ ደክሞት የሚተኛ አባት እንኳን ሊከራከር፣ የተነበበውን እንኳ አይሰማም።

«ሙስሊም አገር ከሄድን ችግር የለም»

ይህን የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት አላቸው፤ በጂዳ ወይም በዱባይ መስጊድ ፍለጋ መኪና አያስፈልግም፤ ሥጋውም ሐላል ነው። የኢብራሂም (ዐ.ሰ) የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ረገድ ተመልሷል። ሆኖም ሌሎቹ ሁለቱ ቀርተዋል። በሳዑዲ ዐረቢያ የውጭ አገር ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ቤተሰቡ አባል የሚከፍለው ወርሃዊ ክፍያ በ2017 በ100 ሪያል ተጀምሮ በ2020 400 ሪያል ደርሷል። አራት ጥገኞች ያሉት አባት ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። በዱባይ የውጭ አገር ዜጎች ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በክፍያ በሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች ነው። ለሙስሊም ተማሪዎች የኢስላም ትምህርት ግዴታ ቢሆንም፣ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም ከአባት ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሥራው ሲቋረጥ የልጁም ትምህርት ይቋረጣል። ስለዚህ ወደዚያም የሚሄድ ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። የአገር ስም ተርቢያን አይተካም።

ሐበሻ ውስጥ ያደጉት የሶሐባ ልጆች

«ባዕድ አገር ልጅ ማሳደግ ጨርሶ አይቻልም» ለሚሉትም መልስ አለ፤ መልሱም ከእኛው ምድር ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲልኩ ቦታውን በዘፈቀደ አልመረጡትም፤ ንጉሡ ፍትሐዊ መሆኑን ምክንያት አድርገው ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በዚህ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉ ልጆቻቸውን የወለዱትም እዚህ ነው። ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነው። ዐብደላህ ኢብን ጃዕፈር ከዚያ በኋላ በለጋስነታቸው የታወቁ ታላቅ ሰው ሆኑ።

ሐበሻ ውስጥ የተወለደችው ሌላዋ ልጅ ኡሙ ኻሊድ ቢንት ኻሊድ (ረ.ዐ) ነች። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ያለበት ልብስ አልብሰዋት፣ በጌጡ ላይ እያመለከቱ ባደገችበት በሐበሾች ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያምራል ማለት ነው። «ሠናይ» የሚለውን ግእዝ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ወዲያው ይለየዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅቷን በባዕድ አገር ቋንቋዋ አላሸማቀቋትም፤ በዚያው ቋንቋ አስደሰቷት።

እነዚያ ልጆች እንዴት ዳኑ? ወላጆቻቸው ተበታትነው አልኖሩም፤ ከሰማንያ በላይ የሚሆኑ ወንዶች ከቤተሰቦቻቸው ጋር በአንድነት ነበሩ። መሪ ነበራቸው። ከአገሬው ሰው ጋር በሰላም ኖሩ። ስለ ዲናቸው ሲጠየቁም ጃዕፈር (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቆመው በግልጽ ተናገሩ፤ አልደበቁም፣ አልተሳደቡም። ከፍትሕ፣ ከጀማዓና ከደፋር አባት ጋር የኖሩ ልጆች በክርስቲያን ንጉሥ አገር አድገው ዲናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ከመሄድ በፊት

በመሆኑም ልጅ ይዘው ለመሄድ የተነሱ ወገኖች የሚከተሉትን እንዲያስቡባቸው አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአዲሱ አገር የረጅም ጊዜ ኪራይ ከመፈረም በፊት፣ ከተቻለ ከዘመድ ዘንድ ጥቂት ሳምንታት አርፎ ትምህርት ቤቱን፣ መስጊዱንና መንገዱን በእግር ማየት፤ በቀንም በማታም። ሁለተኛ፣ የልጁን ዕድሜ ማመዛዘን። የስድስት ዓመት ልጅ ቋንቋ ያጣል ብለን እንሰጋለን፤ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ግን ጓደኛና ደረጃ ስለሚያጣ የበለጠ ይጎዳል። ለእሱ የክፍል ውጤቱን የተረጋገጠ ማስረጃ መያዝና አዲስ ተማሪዎችን በሚገባ የሚቀበል ትምህርት ቤት መፈለግ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ የእስልምና ትምህርት ቤት መልካም ነው፤ ነገር ግን ክፍያው በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ክፍያውን ለማሟላት አባት ሦስተኛ ሥራ የሚጨምርና ልጁን የማያይ ከሆነ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የቅዳሜና እሑድ መድረሳና ማታ ማታ ቤት የሚገኝ አባት ሊሻል ይችላል። አራተኛ፣ በልጁ እጅ ያለው ስልክ ራሱ ሠፈር መሆኑን አለመርሳት ነው። ምርጥ ሠፈር መርጠን፣ ያለ ጠባቂ በር የሌለው ሠፈር በኪሱ ካስገባንለት ልፋታችን ከንቱ ነው።

ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ልጆቻቸውን ሰብስበው የጠየቁት፣ ከእርሳቸው በኋላ ማንን እንደሚገዙ እንጂ ምን እንደሚበሉ አልነበረም። ያንን ሲጠይቁ በባዕድ አገር፣ በግብፅ እንደነበሩም ዑለማእ ይናገራሉ። ልጆቹ መልሱን አውቀውት ነበር፤ አባታቸው ጥያቄውን ለሞታቸው ቀን አላቆዩትምና። እኛም ሻንጣ ስናስር ከምንጠይቀው ሁሉ ፊት ይህንን እናስቀድም።

አላህ ሄደው ለኖሩትም እዚሁ ላለነውም ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ወደ መልካም ጎረቤትና ወደ ቅርብ መስጊድ ይምራን። አሚን።